የአባባ ሱሪ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት በር ድረስ ይግባልኝ። እኛ ደህና ነን።

ዘንድሮ ዝናቡ የመጣው ዘሩ መሬት ውስጥ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም አፈሩን ጠራርጎ ሄደ። አባባ እንደሁ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የጓዳውን እህል አውጥቶ እንደገና ዘራው።

የእኔ ስፌት መኪና ግን አላረፈችም። አዲስ የሚያሰፋ ባይኖርም የሚያስጠብብ ሞልቷል። መምህሩ ኮቱን አመጣ፤ አናጢው ጎረቤታችንም ያንኑ ሱሪ ለሁለተኛ ጊዜ አመጣው።

ትናንት አባባም ሱሪውን ይዞ ሱቄ መጣ። ወገቡን ስለካው "ጨርቁ ነው የሰፋው እንጂ እኔስ ያው ነኝ" ብሎ ሳቀ። ምሳዬን እንካፈል ስለው "አሁን በልቼ መጣሁ" አለኝ። ውሸት እንደማይችልበት ታውቃለህ። አራት ጣት አጠበብኩለት።

ትርፉን ልቆርጥ መቀስ ሳነሳ ግን እጄን ያዘኝ። "ተይው ልጄ፣ ይፈለጋል!"

እውነቱን ነው። ከእንግዲህ የማንንም ትርፍ አልቆርጥም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ በላላ ስፌት እይዘዋለሁ። አዝመራው ሲገባ ሁሉንም እተረትራለሁ።

አንተ ብቻ ጤናህን ጠብቅ፣ ስለ እኛ አትስጋ። ለመተርተሪያ የሚሆን አዲስ ምላጭ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ልብስ ሰፊዋ እህትህ