ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ውሃ

አካም ጂርታ ሱሩር፣ እንዴት ነህ?

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን የአዳማ ፎቶ ተወው፤ እኔ ያየሁት ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ዱሬቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ውሃ ታጠናለች። የመስታወት ሣጥን ሙሉ ውሃ ከታች ታሞቃለች፣ ከላይ ታቀዘቅዛለች። ሙቁ ሲወጣ ቀዝቃዛው ሲወርድ ውሃው እንደ ወፍጮ ይዞራል። አልፎ አልፎም በራሱ ጊዜ አቅጣጫ መቀየር ነበረበት። የእሷ ግን አራት ወር ሙሉ ወደ ግራ ብቻ ነው። ካልቀየረ መመረቂያ ጽሑፏ ገደል መግባቱ ነው።

«ውሃሽ እንደ ደራ ከተማ ባጃጅ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኳት።

«ሞቲ፣ ዝም ካላልክ እዚሁ ውስጥ ነው የምነክርህ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ። መሃሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። እንዲህ ያለ ወለል ላይ እኔና አንተ ስንት ሴራሚክ አንጥፈናል? ወደ ቀዳዳው ዘቅዘቅ ሳይል አይሠራም። ያ ሁሉ ምሁር የሣጥኑን ጠረጴዛ እዚያ ላይ አቁሞ ማሽኑን ሲጠራጠር ከርሟል። የወለል ማስተካከያ ውሃ ልኬን ከቦርሳ አውጥቼ ጠረጴዛውን ለካሁ፤ ዘሟል፣ ውሃውን ወደ አንድ ጎን የሚገፋው እሱ ነው፤ ከአንዱ እግር ሥርም የሴራሚክ ስባሪ ወሸቅኩ። በማግስቱ ከሰዓት ውሃው ቆም አለና ወደ ቀኝ ዞረ። ዱሬቲ ግማሽ እየሳቀች ግማሽ እያለቀሰች የአራት ወሩን ልኬት ሰርዛ እንደ አዲስ ጀመረች።

ጽሑፏ ላይ ልታመሰግነኝ ሙያዬን ጠየቀችኝ። ፕሮፌሰር በይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሴራሚክ ሠራተኛ» አልኳት።

ቦታ አለቀ። ውሃው ሦስቴ አቅጣጫ ሲገለብጥ ሳላይ አልመጣም፤ እናትህን ሳምልኝ።

ሞቲ