ፊቷን ገልጬ ገበያ ያወጣኋት ልጅ

ማንኩሳ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ የልጅ ልጄን ታቅፌ ገበያ ወጣሁ። ያየ ይይ።

ታላቅ ወንድሟ አምስት ዓመት ሞልቶት ቃል አልወጣውም። ኦቲዝም ነው አሉን። እሷም ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሲጠሯት አትዞርም፣ «እማ» አትልም። ፍኖተ ሰላም ያለችው ነርስ፣ «አባባ፣ የወንድሟ ነገር እሷንም ሊያገኛት ይችላል፤ ገና አልለየም። የሕፃን አእምሮ የሚገነባው አሁን ነው። ፊት ለፊት ይዘው፣ አፍዎን እያየች ያጫውቷት» አለችኝ።

እናቷ ግን የሰው ዓይን እንዳይበላት ብላ በነጠላ ሸፍና ጓዳ ታስተኛታለች። እዚያ ማን ያጫውታት? ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ማጫወቱ የሷ ነበር። አሁን ያለሁት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ ጎረቤቴ፣ «አያ ቢተው፣ ምነው እንደ ሞግዚት! አንቀልባውን የት ረሱት?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ባዝላት ጀርባዬን እንጂ አፌን አታይም!» አልኩት። ለሷም፣ «ይህቺ አህያ ናት፣ ያ ጎረቤታችን ነው፤ አደራ እንዳታምታቺያቸው» አልኳት። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እስክንመለስ አፌ አላረፈም።

ቤት ስንገባ እናቷ አለቀሰች። «አባ፣ ዓይን ቢበላትስ?»

«ዝምታ ከሚበላት ዓይን ይሞክራት!» አልኳት።

ልጅቱ ምንም አልመለሰችልኝም። ስናገር ግን ትኩር ብላ አይታኛለች። አፌን ይሁን ጢሜን እንጃ።

ስንት ዘመን ያከበርኩት ጢም ነው። ነገ እላጨዋለሁ።