ጃናራ ያልሽው እናታችንን ነው

«እናቴ ኑንዚያታ የሮካፎስካ የመጨረሻዋ ጃናራ፣ የጨረቃይቱ እመቤት የዲያና ካህን ናት። ከቤተ ክርስቲያን ደብቃ የጠበቀችውን ቃል በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በገና ዋዜማ፣ በእጇ አስተላለፈችልኝ። እኔም በዚህ ክረምት ለእናንተ አስተላልፋለሁ።»

ይህ ያንቺ ቃል ነው፣ ኤርሜሊንዳ። ልጄ ኦርኔላ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል መልሳዋለች፤ እኔ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ሜልበርን ላይ ስለ ጣሊያን ጥንቆላና ስለ እንስት አምላክ አምልኮ ለምትሰጪው ትምህርት ባሳተምሽው ወረቀት፣ ጥቁር ካባ ለብሰሽ እጅሽን ወደ ሰማይ ከዘረጋሽበት ፎቶግራፍ ሥር ይገኛል።

ቁጣዬን ከሰላምታ ማስቀደሜን እናታችን ብታውቅ አትወድም። ልጽፍልሽ ስቀመጥ «መጀመሪያ ጤናዋን ጠይቃት፣ ከዚያ ትቆጣታለህ፤ ቁጣህ እንደሆነ የትም አይሄድብህ» ብላኛለች። እንግዲህ እንደምን ሰንብተሻል? ያ አላስተኛ ብሎሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ግራሃምስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ ትምህርታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔና ሎሬዳና በጤና አለን። የወይራ ለቀማው ተጀምሯል፤ የታችኛውን እርሻ ትል በልቶታል፣ የላይኛው ግን ደህና ነው። ስለ እናታችን «ደህና ናት» ብዬ እንዳልጽፍ ደህና አይደለችም፤ «ታማለች» እንዳልል ደግሞ አልጋ ላይ አልወደቀችም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ወረቀቱን የላከልን የአጎታችን ልጅ ቪቶ ነው። በክፋት አይደለም፤ ስምሽ ታትሞ ሲያየው ኮርቶ ነው። የደረሰን በኦገስት፣ ሴቶቹ በእናታችን ደጃፍ ተሰብስበው የዓመቱን የቲማቲም ስጎ ጠርሙስ ውስጥ ሲሞሉ ነበር። ኦርኔላ ከኔፕልስ የነርስነት ትምህርቷ ለዕረፍት መጥታ ስለነበር «የአክስቴ ነው፣ ላንብብላችሁ» ብላ ቆመች። እያነበበች ትተረጉማለች፤ «ጃናራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ቃሉ የራሳችን ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ያቺ የማታርፈው ጎረቤታችን ራኬሌ ናት። «ኑንዚያ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ተጋርተን አንድ ቀን እንኳ አትነግሪኝም? በይ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያዬን በሬ ላይ አቆምልሻለሁ፤ ጭራሮውን ስትቆጥሪ ይነጋብሻል» አለቻት። ሌላዋ ጎረቤት ሚኬሊና ቀበል አድርጋ «ኧረ እሷን ተያት፤ ከሃያ በላይ መቁጠር የት ታውቅና! ሃያ ስትደርስ እንደገና ትጀምራለች፣ እስከ ፋሲካ በርሽ ላይ ትቀራለች» አለች። ደጃፉ በሳቅ ተሞላ። እናታችን አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ተነሣች፣ ገብታ በሩን ዘጋች። ቲማቲሙን ሌሎቹ ጨረሱት።

ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። ጃናራ ማለት እንደ ነፋስ በበር ሥር የምትገባ፣ በሩ ላይ መጥረጊያ ወይም ጨው ካገኘች ግን ጭራሮውንና ቅንጣቱን ቆጥራ ሳትጨርስ የማታልፍ፣ የተኛ ሰው ደረት ላይ የምትቀመጥ፣ ሕፃን በእንቅልፉ የምታጣምም፣ ጋጣ ገብታ የፈረስ ጋማ ስትጎነጉን የምታድር ናት። በልጅነታችን ያለቀስንባት ናት። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው የዚህችን ተቃራኒ ነው። ዓይን ለበላው ሰው ሳህን ውኃ ላይ ዘይት አንጠባጥባ፣ ግንባሩን በአውራ ጣቷ አማትባ፣ የጸሎቱን ቃል በሹክሹክታ እየደገመች፣ እያዛጋችና እንባዋ እየወረደ ሕመሙን ከሱ ወደ ራሷ ወስዳ ትሸኘዋለች። እሷን ጃናራ ማለት ሐኪምን «ወባ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ይህን ልዩነት የሜልበርን ሴቶች ባያውቁ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን እዚህ ተወልደሻል።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በማግስቱ የጨው ከረጢት በሯ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘን። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ምራት የሚያለቅስ ልጇን ታቅፋ ወደ እናታችን ስትመጣ አማቷ መንገድ ላይ ቀማቻት፤ «ወዴት ነው የምትወስጂው? አውስትራሊያ ድረስ የተጻፈላትን ሴትዮ አልሰማሽም?» ስትል እናታችን በመስኮት ሰማች። ቄሳችን ዶን ሳቬሪዮ በስብከቱ መካከል «የመሠዊያውን ጨርቅ ማን እንደሚያጥብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» ብሎ ሊከላከልላት ሞከረ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሷ ስም እሷ ሳትቀበር ነው የተቀበረው።

ይህን ሁሉ ልትታገሠው ትችል ነበር። የሐሜትን ነገር ታውቃለች፤ መንደሩ በሌላ ይተካዋል። የሰበራት ሌላ ነው። ኦርኔላን ለብቻዋ ጠርታ ወረቀቱን እንደገና አስነበበቻት። አንቺ እንደ ናሙና ካሳተምሻት የጸሎት መጀመሪያ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ቃሉ የሷው ነው። አንድ ስም ብቻ ተለውጧል፤ ቅድስት አና በነበረችበት ቦታ ዲያናን አስገብተሻል። እናታችን «ቅድስት አናንስ የት አደረገቻት? አስወጣቻት?» አለች።

ከዚያ በኋላ ዘይት አላነሣችም። የግንበኛው ሚስት ራሷን አሟት መጥታ ደጅ ቆማ ብትለምናት፣ ሳህኑን አውጥታ ውኃ ሞላችና ጣቷን ዘይቱ ውስጥ እንደነከረች ቀረች። «ሂጂ ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እጄ የኔ ይሁን አይሁን አላውቅም» ብላ መለሰቻት።

ሕጉን አልጻፍሽውም፣ ወይም አላወቅሽውም፤ እኔም ከእሷ አፍ የሰማሁት አሁን ነው። ቃሉ በገና ዋዜማ ብቻ፣ ከሴት ለሴት ይሰጣል። በሌላ ቀን የተነገረ እንደሆነ አየር ነው፤ ስለዚህ በጁላይ ያስተማርሻቸው ሴቶች ምንም አልተቀበሉም፤ በዚህ በኩል ቅር አይበልሽ። ነገር ግን በዋዜማው በእውነት የተሰጠ እንደሆነ ከሰጪዋ እጅ ወጥቶ ወደ ተቀባይዋ እጅ ይገባል። በሁለት እጅ አያድርም። አያታችን ለእናታችን ከሰጠች በኋላ እስክትሞት ድረስ ዘይት አልነካችም። አየሽ እንግዲህ ምን እንደጻፍሽ? ሰጥታኝ ነበር ያልሽው እውነት ከሆነ፣ እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እጇን ነበረች።

የጠቀስሽው ዋዜማ የመሬት መንቀጥቀጡ ዓመት፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ቤታችን ስለተሰነጠቀ ሁላችንም በድንኳን ነበርን፤ እናታችንም ብርዱ ገብቶባት በትኩሳት ትቃዥ ነበር። እንዲህ ትላለች፦ «ያን ሰሞን ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር። እሞታለሁ ብዬ ሰጥቻት ይሆን? ወይስ በድንኳኑ ጨርቅ በኩል ዓይን የበላውን ሰው ስፈታ ሰምታ ነው? ሰምታ ከሆነ ሌባ ናት፣ የሌባ ደግሞ ምንም የለው፤ ቃሉ እኔው ጋ ነው። ሰጥቻት ከሆነ ግን፣ ኤርሚኒዮ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ሳደርግ ነበር? እነዚያን ሁሉ ሕፃናት በባዶ እጄ ነው የነካኋቸው? ነገ ይሻለዋል፣ ሐኪም አያስፈልገውም ያልኳትን እናት ሁሉ አታልዬ ነው?» ይህን የምትለው በጠራራ ቀን ነው፣ ባቄላ እየፈለፈለች ነው፣ ቅዳሴ ስትሄድ መንገድ ላይ ነው። እኔ በዚያ ድንኳን ነበርኩ፤ ያየሁት ነገር የለም። ሊያጽናናት የሚችል ውሸት ልናገር አስቤ ነበር፤ ፊቴን አይታ «ተው፣ አንተ ገና ከልጅነትህ መዋሸት አይሆንልህም» አለችኝ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አንቺ ነሽ።

እኔ በዘይቱ እንደማላምን ታውቂያለሽ። ራሴን ሲያመኝ መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ። ስለ ዲያናና ስለ ግብፃዊቷ አምላክ ስለ ኢሲስ መማርሽም አላስከፋኝም፤ ቤኔቬንቶ ሙዚየም ወስጄሽ፣ የኢሲስን መቅደስ ድንጋዮች እጅሽን ይዤ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ጥቁሩን የድንጋይ ጭልፊት ነክተሽ ዘበኛው ሲቆጣሽ «እኔ ነኝ የፈቀድኩላት» ብያለሁ። ብትጠይቂኝ መጻሕፍት እልክልሽ ነበር፤ የላቲን መምህር ወንድም ለምን ይጠቅማል? አንቺ ግን አልጠየቅሽኝም። «ጃናራ» ከዲያና ስም መጣ ብለሽ፣ ከፊቱ «እንደሚታወቀው» የሚል ጨምረሻል። የሚያውቀው ማን ነው? በላቲን በር ማለት ከሆነው «ያኑዋ» ነው የሚሉም አሉ፤ በበር ሥር ስለምትገባ። አንዱንም ያረጋገጠ የለም። ጠንቋዮች ሌሊት ይጨፍሩበታል ስለሚባለው የቤኔቬንቶ የዋልነት ዛፍ የጻፍሽው ደግሞ በድሮ የጥንቆላ ችሎት ሰዎች በማሠቃያ ላይ ሆነው ካመኑት የተቀዳ ነው፤ ሥጋው እየተቦጨቀ ያለ ሰው የጠየቁትን ሁሉ ይላል። የሞተችን አምላክ ከመቃብር ማንሣት ከፈለግሽ መንገድሽ ነው። በሕይወት ያለችውን እናትሽን ካህንዋ ለማድረግ ግን መጀመሪያ እሷን መጠየቅ ነበረብሽ።

በመጪው ጁን ወር፣ አሥር ሴቶች ይዘሽ እናታችንን ልታሳዪያቸው እንደምትመጪም አንብበናል። እናታችን ይህን ስትሰማ ያለችው «አሥር? ሥጋ ይበላሉ ወይስ እንደ ኤርሜሊንዳ ቅጠል ብቻ?» ነው። በሯን አትዘጋባችሁም፤ በእንግዳ ላይ ዘግታ አታውቅም። ግን እንደ ሙዚየም ድንጋይ ቆማ እንድትታይ እኔ አልፈቅድም።

የምቸኩልበት ምክንያት ይህ ነው። እናታችን ዘንድሮ በገና ዋዜማ ቃሉን ለኦርኔላ ልትሰጥ ወስና ነበር። ልጅቷም ትፈልገዋለች፤ እኔ «ሆስፒታል ውስጥ ምን ሊያደርግልሽ?» ብዬ ባሾፍባት «አባዬ፣ መርፌ ከወጋሁ በኋላ የሰው ግንባር ላይ እጄን የት ላድርግ?» አለችኝ። እናታችን ሰማንያ ዓመት ሞልቷታል፤ የልብ ሐኪሟ ደረጃ መውጣት ከልክሏታል። ለሚቀጥለው ዓመት ዋዜማ እንደምትደርስ ማንም ዋስ አይሆንም። እሷ ደግሞ «የሌለኝን ለልጅ አልሰጥም» ብላ ቆርጣለች።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሰጥታሽ ነው ወይስ ሰምተሽ? ሰምተሽ ከሆነ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ፤ ከወረቀቱም ላይ የእናታችንን ስምና «ጃናራ» የሚለውን አውጪ። ሰጥታሽ ከሆነም እውነቱን ጻፊ፤ እሷን ደስ ይበላት ብለሽ ሌባ ነኝ አትበዪ። ነገር ግን ከሰጠችሽ፣ ከዚህ ቤት ሁሉ ቃሉ ያለው አንቺ እጅ ላይ ብቻ ነውና ለኦርኔላ መስጠት ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ በገና ዋዜማ፣ በዚህ ወጥ ቤት፣ ቅድስት አናን በቦታዋ መልሰሽ። ይህ የኔ ፍርድ አይደለም፤ እናታችን ራሷ «ከሰጠኋት ትምጣ፣ እሷ ትስጣት፣ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ» ብላለች። ይህን ስትል ፊቷ ከኦገስት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ። ስለዚህ የትኛውን ብትጽፊ እንደምትመርጥ እኔ አላውቅም።

ግራሃምን ሎሬዳናና እኔ ሰላም ብለናል፤ ወገቡን በሱፍ ጨርቅ ይሰር። ክሌርን አጎትሽ ሳመሽ በያት፤ የቶማስን ሥዕል እናታችን ከቅድስት አና ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች። አማትሽን ወይዘሮ ጆይስን እጅ ነሥቻለሁ። ኦርኔላ በእንግሊዝኛ ለብቻዋ ትጽፍልሻለች፤ ወረቀቱን ሰው ፊት በማንበቧ እስካሁን ታለቅሳለችና አንቺም አጽናኛት። ራኬሌ «የተናገርኩት ለቀልድ ነው በላት» ብላ በሩ ላይ ቆማ ታስጽፈኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። እናታችን ግንባርሽን ስማለች፤ «ከዚህ ሌላ የምልከው ቃል የለኝም» አለች።

በስልክ አትመልሺ። «ስልክ ላይ እናለቅሳለን እንጂ አንነጋገርም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። በእጅሽ፣ በቋንቋችን፣ እሷ በመነጽሯ ልታነበው በምትችለው ትልልቅ ፊደል ጻፊ። እስከ ዲሴምበር 13፣ እስከ ቅድስት ሉቺያ ቀን ድረስ መልስሽ እዚህ ይድረስ።

ወንድምሽ ኤርሚኒዮ
ሮካፎስካ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2006