ሳልሞት የተሰረዘ ስም

ይድረስ ባሕር ዳር ላለው ልጄ ለዓለምነው። ሳታማክረኝ፣ ሳልሞት፣ ስሜን ከእድር አሰረዝክ። ግን ሰላምታ የእግዜር ነውና እንደምን ከርመሃል?

ለእድሩ ዳኛ «አባቴ ደብረ ታቦርን ሊለቅ ነው» ስትል፣ ባሕር ዳር ያገኘህልኝ ፎቅ ቤት ኪራዩ ጡረታዬን እንደሚውጠው አላሰብክም። ደግሞስ ዕድሜዬን ሙሉ አገር በእግሬ ስዞር ኖሬ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ?

ርካሽ ቤት ራሴ ፈለግሁ። መጀመሪያ ጣራ ገዳም ሄድኩ፤ ጫካው መልካም ነው። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ወፎቹን ለማየት ነው። ወንዛዬ ግን ሜዳ ይበዛዋል፣ ፍል ውሃው ቅርብ ነው፣ ኪራዩም ይቻላል። አከራይዋ ወይዘሮ ጽጌ ብቻ ነገረኛ ናት።

«አባባ፣ ብቻዎን ነዎት? ማን አለዎት?»

«ብርቱ እግር አለኝ።»

«እግር ውሃ አያቀብልም! እድርስ አለዎት?»

የወንዛዬ እድር እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ በአዲስ አይመዘግብም። የእኛው ዳኛ አቶ ፋንታው ደግሞ «ያሰረዘው ልጅዎ ራሱ መጥቶ ያስመልስ» ብሎኛል።

ስለዚህ በመጪው እሁድ ስብሰባ ናና ስሜን አስመልስ። ክረምቱን አትጠብቅ። ወይዘሮ ጽጌም ስልክ ቁጥርህን ጠይቃኝ ሰጥቻታለሁ፤ እንዲያው ነው። ስልክህን ግን አትዝጋ።

ለባለቤትህ ለመክሊት ሰላም በልልኝ። ስሜ ከተመለሰ በኋላ እኔ አባትህ ሙላቴ ይህን በደል ዳግመኛ በአፌ አላነሳውም፤ አንተም ይቅርታ ብለህ እንዳታስነሳኝ።