አራት ቀን በሮም

ካልጋሪ፣ ማርች 1997

ውድ እህቴ ብርቅነሽ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ እሁድ በስልክ ደህና ነኝ ብለሽኛል፣ አምኜሻለሁ። በስልክ አልወጣ ያለኝን ነው የምጽፍልሽ።

በጁላይ እኔ፣ ታደገና ሰርክአዲስ አንቺ ጋ ሮም ለአራት ቀን እንመጣ የለ? ትኬቱ ከተቆረጠ ወዲህ ሰውነቴ ነው እንጂ እዚህ ያለው፣ እኔስ ሮም ነኝ። ከላይብረሪ የተዋስኩትን የሮም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አሳድሼዋለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አሮጊቶቹን እያጠብኩ በዚያ መጽሐፉ ላይ ባየሁት የድንጋይ መንገድ እሄዳለሁ። ባስ ውስጥ ደግሞ ውጭው በረዶ ነው፣ እኔ ሮም አደባባይ ፏፏቴ ዳር ተቀምጬ እግሬን አሳርፋለሁ። ባለፈው እንዲያውም ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩልሽ! ባሌ ታደገ ስቆ ሊሞት። “ሸዋዬ፣ ሳትሄጂ ደረስሽ እኮ” አለኝ።

ፕሮግራም አውጥቼ ነበር። መጀመሪያ ቀን ኮሎሲየም፣ ከሰዓት አደባባዮቹ። ሁለተኛ ቀን ቫቲካን ከጠዋት እስከ ማታ። ሦስተኛ ቀን ሙዚየም፣ አራተኛም ሙዚየም። ታደገ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ምሳውን ሊበላ ሲገባ አነበበውና፣

“ብርቅነሽ የታለች እዚህ ውስጥ?” አለኝ።

“እራት ላይ።”

“ሸዋወርቅ፣ ይሄ ጉብኝት ነው ሽሽት?”

ምን ልበለው? ሽሽት ነዋ። ሰርኬን በሁለት ዓመቷ አስታቅፈሽኝ ሮም ሰው ቤት ልትሠሪ ስትሄጂ፣ “እስክጠራት ያዢልኝ” ነበር ያልሽኝ። እኔ ካናዳ ይዣት መጣሁ። እማዬ አለችኝ፣ አላረምኳትም። አንቺ አክስት ሆነሽ ቀረሽ። በስልክ “አክስቴ” ስትልሽ ዝም ስትዪ አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼሻለሁ። “ስትመጡ እኔው ራሴ እነግራታለሁ” ስትዪኝ እሺ አልኩሽ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ ለመንገር አንዲት ሰዓት እንዳትተርፍሽ አድርጌ ፕሮግራም አወጣሁ። እንዲህ ያለች እህት ነኝ።

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። መቼም እዚህ አገር የእኛን ቤት ፎርም የሚሞላው ልጅ ነው። የታክሱንም፣ የኪራዩንም፣ ትምህርት ቤቷ ለእኛ የሚልከውንም ሳይቀር ሰርኬ ናት የምትሞላው። ለፓስፖርቱም እንደ ልማዴ ወረቀቶቹን ሁሉ ከነፖስታቸው ሰጠኋትና ወጤን ማማሰል ጀመርኩ። የአሳዳጊነት ወረቀቷ እዚያው ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዞር አልኩ። አንብባዋለች። ወላጅ እናት በሚለው ቦታ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በዚያ በሚያምር ጽሑፏ ፎርሙን እስከ መጨረሻው ሞላችና፣ “እማ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ” አለችኝ። ፈረምኩ። እሷ ክፍሏ ገባች፣ እኔ ወጡን አሳረርኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አላነሳችውም። ትናንት ያንን የሮም መጽሐፍ አብረን ስናገላብጥ ግን፣ “እማ፣ እሷ... ላይክ... እዚሁ ቅሪ ብትለኝስ?” አለችኝ።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አልኳት።

“አይ ዶንት ኖው” ብላ ራሷን ጭኔ ላይ ጣል አደረገች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ጭኔ አልበቃትም። ፀጉሯን ዳበስኩላት።

ብርቄ፣ ፕሮግራሙን ቀድጄ ጣልኩት። አራቱም ቀን የእናንተ ነው። ኮሎሲየሙ ሁለት ሺህ ዓመት የጠበቀ፣ እኛን መጠበቅ አያቅተውም። መመለሻ ትኬታችን የሦስት ሰው ነው፤ በሦስተኛው መመለስ አለመመለሷን ግን እሷ ትወስን። ፊቷ አላለቅስም፣ ቃሌ ነው። ሰርኬን መልሺልኝ የማለት መብት የለኝም። ግን አንቺን እስከ ዛሬ የዋሸሁሽ ይበቃል፦ እባክሽ እህቴ፣ መልሺልኝ።

የመጣን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስትጠብቂን፣ እኔና ታደገ ሻንጣ እየጠበቅን ወደ ኋላ እንቀራለን። እሷን ብቻዋን አስቀድሜ እልክልሻለሁ። ስታዪያት ትለዪያታለሽ፣ አረማመዷ ያንቺው ነው። እኔን በዓይንሽ አትፈልጊ። መጀመሪያ እሷን እቀፊያት።

አሳዳጊዋ፣
እህትሽ ሸዋወርቅ