በቅጥሩ ላይ የተጨመሩት ትናንሽ ድንጋዮች

ይድረስ ለክቡር የሪንግ ሂል ጥንታዊ ሥፍራ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንዴት እንደ ሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ለወግ ያህል አይደለም፤ ለአዲሱ የብረት በር ሪባን ቆርጠው እንዳበቁ በሩን ሲቆልፉት የተነሡትን ፎቶግራፍ በድረ ገጻችሁ ላይ አይቼ፣ ፊትዎ ትንሽ የደከመ ስለ መሰለኝ ነው። ሊዘጋ ለተሠራ በር ሪባን መቁረጥ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ እረዳለሁ። እኛ ከኮረብታው በታች የቀረነው ሁላችንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ስሜ ሀብተሥላሴ ይባላል። የምኖረው ኦክላንድ ሲሆን፣ በሳምንቱ ቀናት መንገደኞችን ወደ አየር ማረፊያ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን የቤተ ክርስቲያናችንን አረጋውያን እናቶች በቫኔ ጭኜ፣ ከአጠገባችን ያለችውን የዳብሊን ከተማ አልፌ፣ ወደ እርስዎ ኮረብታ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ጠባቂዎችዎ «ባለነጩ ቫን» እያሉ እንደሚጠሩኝ ሰምቻለሁ። ቫኑ ግራጫ ነው፤ ነጭ ያስመሰለው ከመንገድዎ የሚነሣው አቧራ ነውና ስለ ቀለሙ ጽሕፈት ቤትዎን አመሰግናለሁ።

ይህን በአማርኛ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በእንግሊዝኛ ለላክኋቸው ደብዳቤዎች የደረሰኝ መልስ ስልኬን ኪሴ ሳልከት የመጣ «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን» የሚል ነበር፤ እንዲህ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ሌላ ቋንቋ ቢሰጠው ትንሽ ረጋ ይል ይሆናል ብዬ ነው። ደግሞም ድረ ገጻችሁ «በየትኛውም ቋንቋ ይጻፉልን» ይላል። ቃላችሁን አምኜ፣ ያገሬ ሰዎችም እንዲያነቡት ደብዳቤውን በግልጽ አውጥቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ እናት፣ በእማማ ወርቂቱ ጉልበት ነው። እማማ ወርቂቱ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሐኪማቸው በእግራቸው ካልተንቀሳቀሱ ጉልበታቸው እንደሚተሳሰር ሲነግራቸው ሐይቁን ይዙሩ አልናቸው፤ እሳቸው ግን «ዞሬ ዞሬ ከተነሣሁበት ልገኝ?» ብለው ሐይቁን ጠሉት። ኮረብታዎን ገና ከመኪና ሲወርዱ ወደዱት። ዝናቡ ሲመጣ አረንጓዴ፣ ሰናፍጩ ሲያብብ ቢጫ፣ በጋ ሲገባ ደግሞ የደረሰ ስንዴ የሚመስል ኮረብታ ማን ይጠላል? ከአናቱ ሲቆሙ በአንድ በኩል የዳያብሎ ተራራ፣ በሌላ በኩል አልታሞንት በተባለው ሸንተረር ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ይታያሉ፤ ወደ ታች ሲመለከቱ የኦክ ዛፎቹና ላሞቹ።

አናቱ ላይ ያለውንማ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በድንጋይ የታሰረ አፈር ክብ ሆኖ ኮረብታውን ከቦታል፤ በውጭ በኩል ቦይ አለው፤ መግቢያው በምዕራብ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ግን ግማሹ ተንዷል። እማማ ወርቂቱ ይህን ሲያዩ አማተቡ። ኮረብታ ላይ ያለ፣ ክብ የሆነ፣ በምዕራብ የሚገባበት መሠረት ምን እንደ ሆነ ለእሳቸው የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። «ቤተ ክርስቲያን ጀምረው አቅም አጥሯቸው ነው፤ ምስኪኖች፤ ያውም የፈረሰው መቅደሱ ጋ ነው» ብለው አዘኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥፍራው በእናቶቹ ዘንድ «ቅጥሩ» ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ልማድ ላስረዳዎ። መኪና በማይወጣበት ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ወደዚያ የሚወጣ ምእመን ባዶ እጁን አይወጣም፤ ድንጋይም ይሁን አሸዋ እንደ ጉልበቱ ተሸክሞ ወጥቶ፣ አራግፎ፣ ተሳልሞ ይወርዳል። ማንም አያዝዘውም፤ ማንም አይመዘግበውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቶቹ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ደረቅ ወንዝ አንዳንድ ድንጋይ መርጠው፣ በግሮሰሪ ከረጢት ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወጡ። እኔም ባዶ እጄን ልከተላቸው ብዬ «ወንዱ ምን ሆነሃል?» ተባልኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ያንን ቅዳሜ ያስታውሳል። ዝናብ አልፎ ዝናብ ሲመጣ የምሥራቁ ግድግዳ ከፍ አለ፤ የእማማ ወርቂቱም ጉልበት እየተፍታታ ሄደ። ጠባቂዎችዎ በየሳምንቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ሰላም ይሉን ነበር። እንዲያውም አንዱ ቅን ወጣት ከእናቶቹ አንዷ የሆኑትን የወይዘሮ እታገኝን ከረጢት እስከ መንገዱ አጋማሽ ይዞላቸዋል። ምን እንደ ያዘ አልጠየቀም፤ ምሳ መስሎት ይሆናል።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ሰቀሉት ሰሌዳ። ጽሕፈት ቤትዎ የግድግዳውን ማደግ ባየ ጊዜ ባለሙያ አስመጥቶ አስጠንቶ፣ ባማረ ፊደል ያጻፈው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፦ «የምሥራቁ ግድግዳ የሁለተኛው የግንባታ ዘመን ሥራ ነው። የድንጋዮቹ ትንንሽ መሆን የዚህ ዘመን ሰዎች ከቀደሙት ይልቅ በአካል ደካሞች እንደ ነበሩ ያመለክታል።» ይህን ለእናቶቹ መተርጎሜ ስሕተት ነበር። እማማ ወርቂቱ «ደካማ ያለው እኔን ነው?» አሉኝ። ወይዘሮ እታገኝ በበኩላቸው ከሰሌዳው አናት ያለውን «ጥንታዊ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። ሰሌዳው ሥፍራው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የዚህ ምድር የቀድሞ ሰዎች ሥራ መሆኑንም ይናገራል፤ ይህንንም ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። «የኔን ድንጋይ ያላወቀ ሰው የሌላውን ያውቃል ብለህ ነው?» አሉ እማማ ወርቂቱ። ጥያቄያቸውን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ ምናልባት እርስዎ አንድ መልስ ይኖርዎት ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶ። እኔ ግን ሰሌዳውን አምኜ ደነገጥኩ፤ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሥራዬን ትቼ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ፤ ድንጋዮቹ የኛ እንደ ሆኑ፣ ማንንም ለመድፈር እንዳልሆነ፣ ምን ብናደርግ ጥፋቱ እንደሚስተካከል ጠየቅኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨዋ ሰው ቃሌን በፈገግታ ሰምቶ፣ የባለሙያው ሪፖርት ስለ ተጠናቀቀ በጎብኚ ግምት እንደማይለወጥ ነገረኝ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተቆለፈ፤ «ማንነታቸው ያልታወቀ ጎብኚዎች ከውጭ ድንጋይ እያመጡ ስለ ሆነ» የሚል ማስታወቂያም ተለጠፈበት። ክቡር ሆይ፣ ማንነታችንን እኮ ነግሬያችሁ ነበር፤ የቫኑን ቀለም ሳይቀር። ድንጋዮቹ የኛ ከሆኑ ሰሌዳውን ያውርዱት፤ የጥንት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ እኛ ያመጣነው ነገር የለምና በሩን ይክፈቱት። አንዱን መምረጥ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከባድ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ላሞቹ። በሩ ለሰው ሲዘጋ ለከብት አልተዘጋም። ሣር ለመጋጥ በውል የገቡት ላሞች ዛሬም ቦዩ ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ግድግዳው ላይም ጎናቸውን ያካሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይህን ያዩት እማማ ወርቂቱ፣ ላሚቱ ፈቃድ ያወጣችበትን መሥሪያ ቤት አድራሻ እንዳፈላልግላቸው አዝዘውኛል።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ሌላ ስም ግን አላገኘሁለትም።

በሩ በተዘጋ ሰሞን፣ ምናልባት ተከፍቶ ይሆናል ብለን አንድ ቅዳሜ ስንመጣ፣ ማስታወቂያው ሥር አንዲት አሮጊት ታጣፊ ወንበር ይዘው ቆመው አገኘን። ወይዘሮ ዶሎረስ ይባላሉ፤ ከሳን ሆዜ ነው የመጡት፤ ያንን ክብ የሠሩት ሰዎች ዘር ናቸው። ልጅ ሳሉ አያታቸው እያመጡ እዚያ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ማስታወቂያዎ በመጨረሻው መስመር «ለምድሩ ቀዳሚ ሕዝብ ካለን አክብሮት የተነሣ ተዘግቷል» ይላል፤ እሳቸውም ይህን አንብበው ይሥቁ ነበር። በሩ ሲዘጋ ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ ማንም እንዳልጠየቃቸው ነገሩኝ። በስማቸው ከተቆለፈው በር ውጭ፣ ከኛ ጋር፣ በፀሐይ ቆመዋል።

እኔ መካከል ላይ ሆኜ አስተረጎምኩ። ወይዘሮ ዶሎረስ ሥፍራው ቤተ ክርስቲያን እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ምን እንደ ሆነ ግን ዘርዝረው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ሰሌዳውን ያላመኑት እማማ ወርቂቱ ወይዘሮ ዶሎረስን ወዲያው አመኑ። ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ባልቀናው ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው «እናቴ፣ የሰው ቤት መሆኑን አላወቅኩም፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ወይዘሮ ዶሎረስ ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸውና እንዲህ አሉ፦ «ከኛ ቤት ድንጋይ ተሸክሞ የወረደ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ለኛ ቤት ተሸክሞ የወጣ ግን ገና ማየቴ ነው። ነገር ግን ድንጋዮቹ የወንዙ ናቸውና ወደ ወንዙ ይመለሱ።» እማማ ወርቂቱ ተስማሙ። በእጃቸው ያወጡትን በእጃቸው ሊያወርዱ፣ ወይዘሮ ዶሎረስም የትኛው ከየት እንደሚነሣ ቆመው ሊያሳዩ፣ እዚያው በር ላይ ቃል ተገባቡ። ከዚያ ምሳችንን አውጥተን አብረን በላን።

እስካሁን ቀልጃለሁ፤ ይህን ግን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ። በሩ ከተዘጋ ወዲህ እማማ ወርቂቱ ከቤት አይወጡም፤ ጉልበታቸው ተመልሶ ተተብትቧል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ኮረብታ መውጣት ይችሉ እንደ ሆነ ሐኪሙ ቃል አልሰጠም። ባለቤቴ በደወለችላቸው ቁጥር፣ እኔም ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር፣ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «የሰው ቤት ላይ ድንጋዬን ጥዬ አልሞትም።» ሌላ ሰው ያውርድልዎ ብንላቸው አይሰሙም። በጣም አዝኛለሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር። እኒህ ሴት ከማንም ምንም አልወሰዱም፤ የሰጡትን መልሶ ለማንሣት ነው በር የሚለምኑት።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ ወይዘሮ ዶሎረስ ባሉበት፣ በሩ ለአንድ ጠዋት ይከፈት። ባለሙያውም ቢመጣ ደስ ይለናል፤ የሁለተኛውን ዘመን ሰዎች በአካል ያገኛቸዋል፤ የሚይዘው ከረጢትም አናጣለትም።

የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ እንዲቃና፣ ቁልፉም ከኪስዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ የቻለውን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የእማማ ወርቂቱ አማች፣ የግራጫው ቫን ሾፌር፣
በጽሕፈት ቤትዎ ጥናት መሠረት የሁለተኛው የግንባታ ዘመን ደካማ ሰው፣
ሀብተሥላሴ
ከኦክላንድ

ማሳሰቢያ፦ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጡት ጥቁር ድንጋይ የወይዘሮ እታገኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ ማንሣት እንደማይቻል አስቀድመው ሰምተው፣ ባዶ እጄን አልወጣም ብለው ከኩሽናቸው ያመጡት የነጭ ሽንኩርት መውቀጫቸው ነው። ከሥሩ «ለሥርዓተ አምልኮ ያገለገለ። በላዩ የተገኘው የዕፅዋት ቅሪት በምርመራ ላይ ነው። ሕዝቡ ምን ይመገብ እንደ ነበር አይታወቅም» ተብሎ ተጽፏል። ምርመራው ብዙ ወጪ እንዳያስወጣችሁ ብዬ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚመገብ ለማወቅ ግን ላቦራቶሪም አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ በሩን መክፈት ይበቃል። ወይዘሮ እታገኝ ሳህን ሳይሰጡት የሚያሳልፉት ሰው የለም፤ የቆለፈባቸውንም ቢሆን።