እናቴን አስወጥተው እናቴን የሣሉበት ግድግዳ

ለተከበሩ የከተማ ውበትና የዘላቂ ግንባታ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ደህና ያድርግልዎ እላለሁ፤ ዓይን ማለቴ፣ ሲሰነጠቅ ቶሎ እንዲታይዎ ነው። እኔ በጭቃ ልስን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ፣ ሙያውንም ከእናቴ የወረስኩ ሴት ነኝ። ሦስት ጊዜ ልከው ስላስጠሩኝ፣ የሦስቱንም መልስ በአንድነት፣ አገር እንዲያነበው አድርጌ ጽፌያለሁ።

፩. ዓምና እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበትን የጭቃ ቤት «ለነገዋ ከተማ አይመጥንም» ብለው በአንድ ጠዋት ስላፈረሱልን እጅ እነሣለሁ። እናቴ ዛሬ እህቴ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቀን በሚግል ሌሊት በሚበርድ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ናት፤ ደረጃው ስለማያስወርዳት በመስኮት ነገን እየጠበቀች ነው።

፪. በዚያው ቦታ «የነገ ቤት» የተባለውን የኪነ ሕንፃና የሥዕል ማሳያ ሲያሠሩ፣ ግድግዳውን ከምን ቢያቆሙት ጥሩ ነው? ከጭቃ ጡብ! ጭቃ ሙቀትና ብርድ እንደሚከላከል፣ ምድርንም እንደማይጎዳ በንግግርዎ አስረዱን። ወይ ጉድ! የኋለኛዋን ክፍል ለእናቴ እሰጣለሁ ብለው ቃል ስለገቡልኝም ልለስን መጣሁ። ክፍሏ አሁን የወንበር ማከማቻ ሆናለች። እናቴን በአካል ማስገባት ቢከብድዎ በቀለም አስገቧት፤ ድሮ ስትለስን ፎቶ አንሥተዋት ኖሮ፣ ግድግዳ ሙሉ አድርገው፣ እየሳቀች አሣሏት። እሷ ግን ቤቷ ከፈረሰ ወዲህ ስቃ አታውቅም።

፫. ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቼ ሁለት ሳምንት እንዲብላላ ባስቀምጠው፣ ሸተተ ብለው አስደፉት። ሠዓሊው ለስላሳ ገጽ ይፈልጋል ብለውም ግድግዳውን በውስጥም በውጭም በሲሚንቶ አስመረጉት። የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል ብዬ ብለምን፣ መሐንዲስዎ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው፤ እርስዎ ጭቃዎን ያቡኩ» አለኝ። እርስዎም ሳቁ። ያ ሳቅዎ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ገባ፤ ግድግዳውም አበጠ፤ የእናቴ ጉንጭ ሁለት ጣት ያህል ገፍቶ ወጥቷል አሉ። እንግዶች ሐሙስ ስለሚመጡ «ቶሎ መጥተሽ አድኚን» ይላል የመጨረሻው መልእክትዎ። አልመጣም። እናቴ ሙያ ያስተማረቻቸው አሥራ አንዱ ለሳኞችም አይመጡም፤ ቤት ለቤት ዞሬ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ይዣለሁ።

ሥልጣንዎን የዚያን ግድግዳ ዕድሜ ያህል ያርዝምልዎ ብላ ከልብ የምትመኝልዎ፣

የሥዕሏ ልጅ፣ ጭቃ ለሳኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጠገን አልመጣም አልኩ እንጂ ለማየት አልመጣም አላልኩም። ሐሙስ እኔና እህቴ እናታችንን በወንበር ተሸክመን እናወርዳታለን። እናቴ የሰው ልስን ስታይ በረጅሙ ምርኩዟ ቆርቆር ማድረግ የቆየ ልማዷ ነው፤ ማንም አስቁሟት አያውቅም፣ እኔም አላስቆማትም። እንግዶቹ ምንም አልበደሉንምና ፈንጠር አድርገው ያስቀምጡልኝ። እሷ ልስን ሲረግፍ የት እንደሚቆም ታውቃለች፤ እርስዎ ብቻ ለፎቶው ከሥዕሏ ሥር እንዳይጠፉ አደራ።